የገመድ ያለህ!

ገመዱን ሳብ አደረግሁት። መልስ የለም።

ደግሜ ሳብሁት። ከታች ያለው ትልቁ ልጄ ሙሉቀን ነው። ስምምነታችን እኔ ከላይ አንዴ ስስብ እሱም ከታች አንዴ እንዲስብ ነበር፤ «አለሁ» ማለቱ ነው። ሌላ ጊዜ ሆን ብሎ ጠንከር አድርጎ ይስብና ሊደፋኝ ይቃጣል። «ወደቅሽ እንዴ እማ?» ይልና ሲስቅ፣ ሳቁ የጉድጓዱን ግድግዳ እየመታ ወደ ላይ ይወጣል። ያን ቀን ግን ገመዱ መጀመሪያ ረገበ፤ ቀጥሎ ክብድ አለብኝ።

«ሙሉቀን!» አልሁ። «ሙሌ! አንተ ልጅ፣ ቀልድህን ተው!»

ድምፄ ገባና ተመልሶ መጣልኝ። የእሱ ግን አልመጣም።

በሆዴ ተኝቼ ወደ ውስጥ አየሁ። ከጉድጓዱ አፍ እስከ ውኃው እኩሌታ ላይ ግድግዳውን ፈልፍለን ያበጀነው መደብ አለ፤ የውኃ ሞተራችን የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው። ልጄ ከሞተሩ አጠገብ ተንበርክኮ፣ የቤንዚን ጀሪካኑን እንደያዘ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፏል። ረጅም ቅዳሴ ላይ ቆሞ እንቅልፍ የጣለው ሰው ይመስላል። እጁ ቀስ ብሎ ጀሪካኑን ለቀቀው። ጀሪካኑ ውኃው ላይ ጧ ብሎ ወደቀ። ልጄ ቀና አላለም።

አደጋው የገባኝ ያኔ ነው።

እኔ ደብሪቱ እባላለሁ። ቤታችን ከወረታ ወጣ ብሎ ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ትምህርቴ እስከ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ይህንንም የምጽፈው ፊደሉ እያደናቀፈኝ ነው። የሳትሁትን ትንሹ ልጄ ደሳለኝ ያቃናልኛል፤ እያቃናም ይስቃል። ጠባዬን ለጠየቀኝ ፈሪ ነኝ። ሰማይ ሲያጉረመርም ነጠላዬን ተከናንቤ ጥግ የምይዝ፣ ላም ስታምጥ ፊቴን አዙሬ «ወለደች ወይ?» እያልሁ የምጠይቅ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ተገኘ «ለዚህ ቤት ውሻ አያስፈልግም፤ ደብሬ ሌቱን ሙሉ ስትደነግጥ ታድራለች» እያለ ሰው ያስቅብኛል።

አገራችንን ለማያውቅ ልንገረው። በክረምት ሜዳው ሁሉ ውኃ ነው፤ ሩዝ የምንዘራበት። ሩዙ ታጭዶ በጋው ሲገፋ ያ ሁሉ ውኃ የት እንደገባ አይታወቅም፤ ጥቁሩ አፈር እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ጉድጓድ ቆፍረን በሞተር እየሳብን ሽንኩርት እናጠጣለን። ፀሐዩ ሲበረታ ውኃው ወደ ታች ይሸሻል። ሞተሩ ከላይ ሆኖ መሳብ ሲያቅተው መደብ እንፈለፍልና ሞተሩን ወደ ጉድጓዱ እናወርደዋለን። እኛ ብቻ አይደለንም፤ ጎረቤቱም እንዲሁ ነው። ማንም ክፉ አላሰበም። ውኃው ራቀ፤ ሞተሩን አስከተልነው፤ በቃ።

እንዲህ ሲደረግ ኖሮ፣ ከእኛ ራቅ ብሎ ባለ ሰፈር አንድ ቤተሰብ ላይ ክፉ ነገር ደረሰ። አባት ሞተር ሊያስነሳ ገብቶ ወደቀ። ልጁ አባቴን ላውጣ ብሎ ገባ። አጎት ሁለቱን ላውጣ ብሎ ገባ። አንዳቸውም በሕይወት አልወጡም። «ጉድጓዱ ጋኔን አለበት» ተባለና አፉ ተደፈነ። ከዚያ ወዲህ ነው በቀበሌያችን «ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ለሥልጠና ይምጣ» የተባለው። ተገኘ ለቅሶ ሄዶ ነበር። ልጆቹ «ሥራ አለን» አሉ። እኔ ሄድሁ።

ዋርካው ሥር ሰው ተሰብስቧል። ሴቶች ጥቂት ነን። «ደብሬ፣ ጉድጓድ ልትቆፍሪ ነው?» እያሉ ዘበቱብኝ። አሠልጣኟ ሰብለ የምትባል ቀጠን ያለች ልጅ ናት። ስታያት ንፋስ የሚወስዳት ትመስላለች፤ ስትናገር ግን ሰው ዝም ታሰኛለች።

አያ ፈንታ ተነሱ። አያ ፈንታ የአገሩን ጉድጓድ ሁሉ የቆፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የእኛንም የቆፈሩት እሳቸው ናቸው።

«አንች ልጅ፣ እኔ ጉድጓድ ስገባ አባትሽም አልተወለደ» አሏት።

«ታዲያ አባባ፣ ያኔ ሞተር ነበር?» አለች።

«የምን ሞተር!»

«እኔም የመጣሁት ስለ ሞተሩ ነው እንጂ ስለ ጉድጓዱማ እርስዎ ነዎት የሚያስተምሩኝ።»

ሰው ሳቀ። አያ ፈንታም ሳቁ፤ ግን አልተቀመጡም። ከኪሳቸው የማትለይ ቁራጭ ጧፍ አውጥተው አሳዩ። «እኔ መጀመሪያ ይህችን ለኩሼ በገመድ አወርዳለሁ። ከጠፋች አልገባም። ከበራች እገባለሁ። ይኸው እስከ ዛሬ አለሁ።»

«እግዜር ያቆይዎት። ግን አባባ፣ የሞተሩ መርዝ ጧፍ አያጠፋም» አለች ሰብለ። «ጧፉ እየበራ ሰው ይወድቃል። አይታይም፣ አይሸትም። ጢሱን አየን፣ ወጣ፣ ሄደ ትላላችሁ፤ መርዙ ግን እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ አለ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ይጠብቃል። ደግሞ ቤንዚን ባለበት እሳት ማውረድ ሌላ ጣጣ ነው።»

«ጋኔኑስ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ስለ ጋኔን ካህናቱን ጠይቁ። ጸበላችሁን እርጩ፤ አልከለክልም። ገመዱን ግን አትርሱ።»

ከሁሉ አስቀድማ ያለችን ሞተር ወደ ጉድጓድ አታውርዱ ነው። አውርዳችሁ እንደሆነ አውጡት፤ እስኪወጣ ድረስ ማንም ሰው ወደ ጉድጓዱ አይግባ አለች። ከዚያ የሩዝ ጆንያ አስመጥታ አንድ የደረቀ ጉድጓድ ውስጥ አስወረደችና «ይህ የወደቀ ሰው ነው፤ ሳትገቡ አውጡት» አለች። ወንዶቹ ሁሉም ባንዴ ተረባርበው ሲስቡ ገመዱ የጉድጓዱን አፍ እየጋጠ አፈሩን ናደው፤ ጆንያው ተቀደደ፤ ሩዙ ፈሰሰ። «ሰውየውን ገደላችሁት» አለች። ግንድ አፉ ላይ አጋደመች፤ ገመዱን በግንዱ ላይ አሳልፋ፣ አንድ ሰው ብቻ እያዘዘ፣ ሌላው በእሱ ቃል እንዲስብ አደረገች። ጆንያው ቀስ ብሎ ወጣ።

ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎ ከላይ ነዎት እንበል። ልጅዎ ከታች ወደቀ። ምን ብለው ይጮኻሉ?»

«የወንድ ያለህ! እላለኋ!» አልሁ። ሌላ ምን ይባላል? እናቴም አያቴም የጮኹት ይኸው ነው። ጅብ በረት ሲገባ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ወንዝ ሰው ሲወስድ ሴት የምትጮኸው ይኸው ነው።

«እሽ። ወንድ መጣ። ምን ያደርጋል?»

«ይገባላ!»

«ከዚያስ?»

ያ ቤተሰብ ትዝ ያላለው አልነበረም። «የወንድ ያለህ» ተብሎ ተጠርቶ ከጉድጓድ አፍ ላይ የሚቆም ወንድ አገራችን የለም፤ ቢቆምም ስሙ በበጎ አይነሣም።

«ሌላ ጩኸት ይፈልጉ» አለችኝ።

«እንግዲያው የገመድ ያለህ ልበላ!» አልሁ፤ በብስጭት ነው።

ዋርካው ሥር ያለው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሰብለ ግን አልሳቀችም። «እሱ ነው» አለች። «እሱን ይያዙ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ተለወጠ። «እትየ ገመድ እንዴት አደርሽ?» ይሉኛል። ማሳ ለማሳ እየተጠራሩ «የገመድ ያለህ!» እያሉ ይሳሳቃሉ። ጨው ሲያልቅበትም የገመድ ያለህ፣ በሬው ሲጠፋበትም የገመድ ያለህ።

ቤት ገብቼ ለልጆቼ ሁሉንም ነገርኋቸው። «ሞተሩን አውጡ» አልሁ። ሙሉቀን «እማ፣ ሞተሩ ወጥቶ ሽንኩርቱ ምን ይጠጣ? እንባሽን?» አለኝ። አባታቸውም «ይህችን አዝመራ እንጨርስና እናወጣዋለን» አለ። ስለ ሞተሩ ተሸነፍሁ። ስለ ገመዱ ግን እንቢ አልሁ። ገመድ ብብቱ ሥር ሳይታሰር፣ የገመዱም ጫፍ ጉድጓዱ አጠገብ ካለው ግራር ግንድ ጋር ሳይቋጠር፣ እኔም ከላይ ሳልቆም የሚገባ ልጅ እኔ ያበሰልሁትን አይበላም አልሁ። «እንደ ጥጃ ልታስሪኝ ነው?» አለ ሙሉቀን። «ጥጃማ ይሰማል» አልሁት።

እናም ያን ቀን ተገኘ ሽንኩርት ጭኖ ይፋግ ገበያ ወርዷል። ደሳለኝ በማሳው ማዶ ጫፍ በዶማ ውኃ ይመራል። ሞተሩ ቤንዚን ጨርሶ ጠፋ። ሙሉቀን ጀሪካኑን አንሥቶ ሊወርድ ሲል ገመዱን ይዤ ቆምሁበት።

«ሞተሩ ጠፍቷል እኮ እማ! ምን ጢስ አለ?»

«ሲጠፋም አለ ብላለች ሰብለ። ይቆይ፤ አትግባ።»

«እስኪመሽ ልቆይ? ደርሼ ቀድቼበት ልውጣ።»

«እንግዲያው ክንድህን አንሣ!»

እየሳቀ ክንዱን አነሣ። እሷ እንዳሳየችን ብብቱ ሥር አዙሬ ደረቱ ላይ ቋጠርሁለት። ግድግዳው ላይ በተፈለፈለው መርገጫ ወረደ። ወደ መደቡ ሲደርስ ሳብሁት፤ ሳበኝ። ጥቂት ቆይቼ ሳብሁት። መልስ የለም።

አሁን ወደ ጀመርሁላችሁ እመለሳለሁ።

ተነሥቼ ቆምሁ። ሁለት እጄን ራሴ ላይ አደረግሁ። ጩኸቱ ከሆዴ ተነሥቶ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ፤ «የወ» ብዬዋለሁ። በወላዲተ አምላክ እላችኋለሁ፣ ያችን ቃል እንደ ድንጋይ ነው የዋጥኋት።

«የገመድ ያለህ!» አልሁ። «የገመድ ያለህ! ኧረ የገመድ ያለህ!»

ታውቃላችሁ ምን ሆነ? ሳቁ። ማዶ ማሳ ላይ ሽንኩርት የሚኮተኩቱት ቀና ብለው ሳቁ። አንዱ እጁን አፉ ላይ አድርጎ «እትየ ገመድ! ዛሬ ደግሞ ምን ጠፋሽ?» ብሎ መለሰልኝ። ሜዳው ላይ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል፤ ሳቃቸው ጆሮዬ ድረስ መጣ። ልጄ ከታች ነው፤ አገር ከላይ ይስቃል።

«ኧረ በማርያም! ሙሉቀን ወድቋል! ገመድ ይዛችሁ ድረሱልኝ!»

ሳቁ ባንዴ ጠፋ። ሰው ዶማውን እየጣለ ሲሮጥ አየሁ። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ግን ደሳለኝ ነው። ጫማውን ከእግሩ እያወለቀ ነው የመጣው። እኔን አላየኝም፤ ጉድጓዱን ነው ያየው። አንድ እግሩን መርገጫው ላይ አደረገ።

ወገቡ ላይ ተጠመጠምሁበት።

«ልቀቂኝ እማ!»

«አልለቅም!»

«ወንድሜ ነው እኮ!»

«ልጄ ነው!»

«ቆመን ሬሳውን ልናይ ነው?»

«አንተ ከገባህ ሁለት ሬሳ ነው የማየው!»

ጎረምሳ ነው፤ ጉልበቱ ከኔ እጥፍ ነው። እየጎተተኝ ወደ አፉ ቀረብን፤ አፈሩ ከእግራችን ሥር ወደ ውስጥ ሲረግፍ ይሰማኛል። ያኔ ያለኝን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እያለቀሰ «ሰው ምን ይለኛል? ወንድሙን ጉድጓድ ጥሎ ቆመ ይሉኛል እኮ!» አለኝ።

«እኔን ይበሉኝ! እናቱ ያዘችው ይበሉ! እኔ ተሰድቤ አንተ ኑርልኝ!» አልሁት። «ወንድምህ ታስሯል ደስየ። ገመዱ እጃችን ላይ ነው። ብትወድ ሳብ!»

እግሩን ከመርገጫው አነሣ። እናንተ ወላጆች፣ እኔ በሕይወቴ ከተደረገልኝ ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። ገብቶ መሞቱ ለእሱ ይቀልለው ነበር። መቆሙ ነው የከበደው። ለእኔ ብሎ ቆመልኝ።

ሁለታችን ሳብን። ልጄ ከጉልበቱ ትንሽ ከፍ አለና ተመልሶ ተቀመጠ። አልቻልንም። ደሳለኝ እጁን ሲያወራጭ ሥራ ሳልሰጠው ማቆም ፈራሁ፤ መልሶ ይገባብኛል አልሁ። ያኔ ሰብለ ያለችው ትዝ አለኝ፤ ቅጠሉ የበዛ ቅርንጫፍ በገመድ አስሮ ከፍ ዝቅ ቢያደርጉት ከላይ ያለው አየር ወደ ታች ይገባል፤ ሰው ለማስገባት አያበቃም፣ ለወደቀው ግን ትንፋሽ ሊያደርስለት ይችላል። «ብሳናውን ቁረጥ!» አልሁት። ከጉድጓዱ ዳር ከቆመው ብሳና ቅርንጫፍ ገነጠለ፤ ለመጠባበቂያ ባኖርሁት ቀጭን ገመድ አስሮ ማውረድ ማውጣት ጀመረ። እያለቀሰ ያራግብለታል። «ተንፍስ ሙሌ፣ ተንፍስ ወንድሜ» ይላል።

ሰው ደረሰ። ማን ምን እንዳመጣ አሁንም ይታየኛል። አንዱ የበሬ ገመድ፣ አንዱ የአህያ መጫኛ፣ አንዷ ጎረቤቴ የልብስ ማስጫውን ገመድ ከነልብሱ። ያ የሳቀብኝ ሰው ላሙን ከታሰረችበት ፈትቶ ገመዷን ይዞ መጣ፤ ላሟ የኛን ሽንኩርት ገብታ ስትበላ ዋለች፤ በልታ ትጥገብ።

አያ ፈንታም ደረሱ። በትራቸውን እየተመረኮዙ፣ ቁና ቁና እየተነፈሱ ወደ ውስጥ አዩና እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሄደ። ቁራጯን ጧፍ አወጡ። ክብሪቱን ጫሩት።

ሁሉም እሳቸውን ነው የሚያየው። ጧፏ ወርዳ ብትበራ «አየር አለ» ይባላል። አየር አለ ከተባለ ደሳለኝን የሚይዘው የለም። ሌሎችም ጋቢያቸውን እየጣሉ ነበር።

እኔ በአያ ፈንታ ፊት ቀና ብዬ ተናግሬ አላውቅም። «አያ ፈንታ» አልሁ። «ጧፏ አትነግርዎትም። ብትበራም ሰው ይወድቃል ብላናለች። ደግሞ ቤንዚን ፈስሷል።»

ክብሪቱ ጣታቸው ላይ ነደደ። እኔን አዩ፤ ጧፏን አዩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዚያ ሁሉ ጉድጓድ በደኅና ያወጣቻቸው ጧፍ ናት። ክብሪቱን በጣታቸው አጠፉና ጧፏን መልሰው ኪሳቸው ከተቷት።

«ማንም አይግባ!» አሉ። «የሚገባውን በዚህ በትሬ ነው የምለው! አንድ ግንድ አምጡ። ገመዱን ቀጥሉት፤ ሁሉም ይያዝ። እኔ ሳልል ማንም አይሳብ!»

ግንዱ ተጋደመ። የበሬው፣ የአህያው፣ የላሟ፣ የሁሉም ገመድ እየተቀጠለ ረዘመና አገር ያዘው። አያ ፈንታ በሆዳቸው ተኝተው ወደ ውስጥ እያዩ ያዝዛሉ። «በሉ! ያዝ! በሉ! ያዝ!» ልጄ ከመደቡ ተነሣ። ተንጠለጠለ። ራሱ ወደ ጎን ወድቋል።

ከዚያ ቆመ።

«ቱቦው ይዞታል» አሉ አያ ፈንታ። የውኃው ቱቦ ብብቱ ሥር ገብቶ ገመዱን አንቆታል። አንዱ «በኃይል እንሳብ!» አለ። ሌላው «ቱቦውን ብቻ ላላቅቅና ልውጣ፤ ትንፋሼን ይዤ ነው የምገባው» አለ። ደሳለኝ ቅርንጫፉን ጥሎ ብድግ አለ።

«አይሆንም!» አልሁ። «ጆንያው! ጆንያው እንደተቀደደው!»

አያ ፈንታ ገባቸው። «አላሉ» አሉ። «ትንሽ አላሉ፤ ልጁ ይቀመጥ። ግንዱን ወደ ወዲያ አዙሩት፤ ከቱቦው ተቃራኒ እንሳበው።» ገመዱ ሲላላ ልጄ ተመልሶ ወደ ታች ሲወርድ ማየት ነበረብኝ። እናንተ እንዳትሞክሩት፤ ልጃችሁን ያወጣችሁትን ያህል መልሳችሁ ማውረድ። ዓይኔን ጨፈንሁ። ግንዱ ዞረ። «በሉ!» አሉ። «ያዝ! በሉ! ለቆታል! በሉ!»

ዓይኔን ስገልጥ ከጉድጓዱ አፍ ላይ የልጄ ጸጉር ታየ።

ጎትተን ሣሩ ላይ አስተኛነው። ሰው ሁሉ ከበበው። «ገለል በሉ፣ አየር ይግባው!» አልሁ፤ ከየት እንዳመጣሁት ያን ድምፅ አላውቅም። ከአፉ ላይ ጆሮዬን አደረግሁ። ይተነፍሳል። ቀጭን ነው፤ ግን ይተነፍሳል። በጎኑ አስተኛሁት። ይህን ጊዜ አንዲት ደግ ጎረቤቴ ክብሪት ጭራ ጢሱን ልታሸተው አፍንጫው ሥር ይዛ መጣች፤ ያው ለወደቀ ሰው የምናደርገውን።

«ኧረ አንች! ጢስ በቃው!» አልሁ።

በዚያ ሁሉ ለቅሶ መካከል ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

ባጃጅ በታጨደው የሩዝ ማሳ ላይ እየዘለለች መጣች። እኔ ራሱን፣ ደሳለኝ እግሩን ይዘን ወረታ ሐኪም ቤት ገባን። አፉና አፍንጫው ላይ አየር የሚሰጥ ነገር አደረጉለት። የተቀበለችን ነርስ እየሠራች ትጠይቀኛለች።

«ከጉድጓድ ነው? ሞተር ነበረ?»

«ነበረ።»

«ሌሎቹስ የት አሉ?»

«የትኞቹ?»

«አብረው የገቡት። ሊያወጡት የገቡት።»

«ማንም አልገባም» አልኋት።

ሥራዋን አቁማ አየችኝ። «ማንም?» አለች። ከኋላዬ የቆመውን ደሳለኝን አየችው፤ እጁ በገመድ ተልጦ ይደማል። «እግዜር ይስጥህ» አለችው። ወንድሜን ጥዬ ቆምሁ ብሎ የሚያፍር ልጅ ነበር። ያን ጊዜ ነው ቁጭ ብሎ የተንሰቀሰቀው።

ከልጄ አልጋ አጠገብ ተቀመጥሁ። ዓይኑን አልገለጠም። ሐኪሙ «ጊዜ ይፈልጋል፤ ጠብቂው» ብሎኛል። መጠበቅ ለፈሪ ሰው ከባድ ነው። ጸሎት ስጀምር ይጠፋብኛል፤ እንደገና እጀምራለሁ። በመጨረሻ ምንም አልሆንልኝ ሲል የልጄን ጣት ያዝሁና ሳብ አደረግሁት።

መልስ የለም።

ፀሐይ በመስኮቱ ዘወር አለች። ተገኘ ከይፋግ አቧራውን እንደለበሰ መጣ፤ ትከሻዬ ላይ እጁን አድርጎ ቆመ። እንደገና ሳብሁት። መልስ የለም። ከቆይታ በኋላ ደግሞ ሳብሁት።

ሳበኝ።

ቀስ ብሎ ነው፤ እንደ ሕፃን። ግን ሳበኝ። ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ያ አየር የሚሰጠው ነገር አፉ ላይ እንዳለ አንድ ነገር አጉተመተመ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። «ወደቅሽ እንዴ እማ?» ነው የሚለው።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ማውራት ቀላል ነው። ሞተሩ በማግስቱ ወጣ፤ አያ ፈንታ እያዘዙ ደሳለኝ ከነጎረቤቱ ከላይ ሆኖ በመንጠቆ ጎትቶ አወጣው፤ ማንም አልገባም። የኛን አይተው ጎረቤቶቻችንም አወጡ። ውኃው ሲርቅ የምናጠጣው ሽንኩርት አነሰ፤ ይነስ። በየጉድጓዱ አፍ ላይ ገመድና ግንድ አለ። እኔንም ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ አሁንም ሰማይ ሲያጉረመርም ጥግ እይዛለሁ። ግን ቤቴ ውስጥ «ፈሪ» ብሎ የሚስቅብኝ የለም፤ ተገኘ እንኳ ስለ ውሻው ማውራት ትቷል።

ሰብለን ሄጄ አመሰገንኋት። «እኔ ምን አደረግሁ? የጮኹት እርስዎ ነዎት» አለችኝ። እንዴት ምንም አላደረግሽም? ያችን የምጮኻትን ቃል ያስያዝሽኝ አንች አይደለሽም ወይ? እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ጧፋቸውን መልሰው ኪሳቸው የከተቱትን አያ ፈንታን አመሰግናለሁ። ላሙን ፈትቶ ገመዷን ያመጣውን ሰው፣ የሳቀብኝ ቢሆንም፣ አመሰግናለሁ። ከሁሉ በላይ የቆመልኝን ልጄን። እናንተም እናቶች፣ ክፉ ቀን ቢደርስባችሁ፣ አይድረስባችሁና፣ አፋችሁ ላይ የሚመጣውን ጩኸት ዋጡት። ልጃችሁን ተከትሎ የሚገባ ሰው አትጥሩ። ገመድ ጥሩ።

ከሐኪም ቤት ስንወጣ ባጃጇ ውስጥ በመካከል ተቀመጥሁ፤ ሙሉቀን በቀኜ፣ ደሳለኝ በግራዬ። ሙሉቀን ራሱን ያመዋል፤ ትከሻዬ ላይ ጥሎታል። ደሳለኝ የተጠቀለለ እጁን ጭኔ ላይ አድርጓል። ወደ ሜዳው ስንገባ ሰው ከየማሳው እየተነሣ ወደ መንገዱ መጣ። አያ ፈንታ በትራቸውን ከፍ አድርገው ባጃጇን አስቆሟት።

«እትየ ገመድ» አሉኝ፤ በዚያ ስም እሳቸው ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነው። «ደኅና ገባችሁ?»

ወደ ቀኜ አየሁ፤ ወደ ግራዬ አየሁ።

«ገብተናል አያ ፈንታ» አልሁ። «ሁለቱም አሉኝ። ደኅና ነን።»